አንድ ቦይ ለአራት ማሳ፦ ባለ ስዊች የጌም ካሴት

ከሀብሩ ወረዳ የመጣች አንዲት ተማሪያችን ከቤተ ሙከራ ትምህርት በኋላ ወደ እኛ ቀርባ ከቦርሳዋ አንድ ቢጫ የጌም ካሴት አወጣች። በላዩ 9,999,999 ጨዋታዎችን እንደያዘ የሚገልጽ ጽሑፍ ተለጥፎበታል። ታላቅ ወንድሟ በልጅነቱ መርሳ ላይ ማንጎ ሸጦ ባጠራቀመው ገንዘብ የገዛው ነው። “መምህር፣ ወንድሜ ያገኘው ጥቂቱን ብቻ ነው፤ የቀሩትን ያጣኋቸው ባለማወቄ ነው ይላል። እውነት ውስጡ አሉ?” ስትል ጠየቀችን።

ውድ አንባብያን፣ ይህን ጥያቄ ለመመለስ ብዙ ጨዋታዎች በአንድ ካሴት እንዴት እንደሚኖሩ መረዳት ያስፈልጋል።

ካሴቱ ምን ይዟል?

እንዲህ ያሉ ካሴቶች የሚሠሩት የጃፓኑ ኒንቴንዶ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1983 ለገበያ ባቀረበው ፋሚኮም እና ሌሎች አምራቾች እርሱን አስመስለው በሠሯቸው መሣሪያዎች ላይ ነው። ካሴት ይባል እንጂ ክር የለውም። በቀላሎቹ ጨዋታዎች ውስጥ ሁለት የማስታወሻ ቺፖች አሉ፤ አንዱ ፕሮግራሙን፣ ሌላው ሥዕሎቹን ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ 32 ኪሎባይት ፕሮግራምና 8 ኪሎባይት ሥዕል፣ በድምሩ 40 ኪሎባይት ብቻ ነው።

ፕሮሰሰሩ ከፕሮግራሙ ቺፕ የሚፈልገውን ባይት የሚጠራው በአድራሻ ነው። አድራሻው የሚተላለፈው በ15 መስመሮች ሲሆን እያንዳንዱ መስመር ዜሮ ወይም 5 ቮልት ይሆናል። 2ን በራሱ 15 ጊዜ ብናባዛ 32,768 እናገኛለን፤ ይህም 32 ኪሎባይት ማለት ነው።

የውኃ ተራ

በመስኖ የሚያለማ ገበሬ የቀረውን ለመረዳት አይቸገርም። ዋናው ቦይ አንድ ነው፤ ማሳዎቹ ብዙ ናቸው። የውኃ አባት ተራ ያወጣል፤ ባለ ተራው ቦዩን ወደ ማሳው ይከፍታል፣ የሌሎቹ ተዘግቶ ይቆያል። ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ ከከፈቱ ግን ውኃው ለሁለቱም አይበቃም፤ ጠብም ይነሣል። በካሴት ውስጥም እንዲሁ ነው። ሁለት ቺፖች በአንድ መስመር ላይ በአንድ ጊዜ መልስ ቢሰጡና አንዱ ዜሮ፣ ሌላው 5 ቮልት ቢል መልሱ ይበላሻል፤ ቺፖቹም ሊግሉ ይችላሉ።

ስለዚህ አራት ጨዋታዎችን ለማጣመር ቀላሉ መንገድ አራቱን ፕሮግራሞች በአንድ ባለ 128 ኪሎባይት ቺፕ፣ አራቱን የሥዕል ስብስቦች ደግሞ በአንድ ባለ 32 ኪሎባይት ቺፕ ላይ ተከታትለው እንዲቀመጡ ማድረግ ነው። ባለ 128 ኪሎባይቱ ቺፕ 17 የአድራሻ መስመሮች አሉት። መሣሪያው የሚያውቀው 15ቱን ብቻ ስለሆነ ሁለቱ ይተርፋሉ። በሥዕሉ ቺፕ ላይም እንዲሁ ሁለት ይተርፋሉ። እነዚህን ትርፍ መስመሮች ጥንድ ጥንድ አድርገን ከሁለት ስዊቾች ጋር እናገናኛቸዋለን። ሁለት ስዊቾች 2 ጊዜ 2፣ ማለትም አራት አቋሞች ስላሏቸው እያንዳንዱ አቋም አንድ ጨዋታ ይመርጣል።

ሦስት ጥንቃቄዎች ግን ያስፈልጋሉ። አንደኛ፣ ስዊቹ ወደ ዜሮ ቮልት ባልተገናኘበት ጊዜ መስመሩ ባለቤት አልባ እንዳይሆን በ10 ኪሎኦም ሬዚስተር ከ5 ቮልት ጋር መያያዝ አለበት። ሁለተኛ፣ የስክሪኑ ሥዕል ወደ ጎን ለሚሄድባቸውና ወደ ላይ ለሚሄድባቸው ጨዋታዎች የመስመር አያያዙ ስለሚለያይ፣ ሁለቱም ዓይነት ካሉ ሦስተኛ ስዊች ይጨመራል። ሦስተኛ፣ ስዊቹ የሚለወጠው መሣሪያው ከጠፋ በኋላ ነው። አለዚያ ፕሮሰሰሩ የአንዱን ጨዋታ ትእዛዝ እያነበበ ሳለ ቀጣዩን ከሌላው ጨዋታ ያነብና ግራ ይጋባል።

ሒሳቡ ምን ይላል?

አሁን ወደ ተማሪያችን ጥያቄ እንመለስ። 2ን 23 ጊዜ ብናባዛ 8,388,608 ይሆናል፤ አይበቃም። 24 ጊዜ ብናባዛ 16,777,216 ነው። ስለዚህ 9,999,999 ጨዋታዎችን ለመምረጥ 24 ትርፍ መስመሮች ያስፈልጋሉ። እያንዳንዱ ጨዋታ 40 ኪሎባይት ቢይዝ ድምሩ 410 ቢሊዮን ባይት ገደማ ነው። ይህን የሚይዝ ቺፕ በዚያ ካሴት ውስጥ ሊኖር አይችልም። ዝርዝሩን አብረን ስንመረምር በእርግጥም ከጥቂቶቹ በኋላ ያሉት ስማቸው ወይም መነሻ ደረጃቸው ብቻ የተለወጠ የቀድሞዎቹ ጨዋታዎች ሆነው ተገኙ።

በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ሰሜን ወሎን ባዳረሰ ጊዜ የወልድያ ዩኒቨርሲቲ መዘረፉና መውደሙ የሚታወስ ነው። ውድ መሣሪያዎች እስኪሟሉ ድረስ ግን ትምህርቱ ቆሞ ሊጠብቅ አይገባም። በየቤቱ የተጣለ ካሴት፣ ሁለት ስዊቾችና ጥቂት ሬዚስተሮች ስለ አድራሻ፣ ስለ ቮልቴጅና ስለ ሁለትዮሽ ቁጥር በእጅ የሚዳሰስ ትምህርት ይሰጣሉ። ከሁሉም በላይ ደግሞ በትልቅ ቁጥር ፊት ቆመን “ይህ ሊሆን ይችላልን?” ብለን እንድናሰላ ያስተምሩናል።

ተማሪያችን ሒሳቡን በደብተሯ ገልብጣ፣ “ለወንድሜ ዛሬውኑ እደውልለታለሁ፤ ጥፋቱ የእርሱ እንዳልነበረ ይወቅ” አለችን።