የኅብረት ሥራና የሠራተኛ ጠባይ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ

ብዙ ሰው ለአንድ ሥራ ተጠርቶ ሥራው እንደ ሰዉ ብዛት ሳይሆን ቢቀር፣ ሹሙ ሕዝቡን ሰነፍ ነው ብሎ ይፈርድበታል። ነገር ግን ጕድለቱ ብዙውን ጊዜ ከሥራው አደላደል የሚመጣ ነው።

ይህን አስቀድሞ የመረመረው የፈረንሳይ የእርሻ መሐንዲስ ማክሲሚልየን ሪንግልማን ነው። እርሱም በኤውሮጳ አቈጣጠር በ1913 ዓ.ም. ባሳተመው ጽሑፍ እንዳስረዳው፣ ሰዎች በኅብረት ሲስቡ ቍጥራቸው በጨመረ መጠን የእያንዳንዱ ጕልበት ይቀንሳል፤ ስምንት ሲሆኑ እያንዳንዱ ብቻውን ከሚስበው ግማሽ ያህሉን ይስባል። ምክንያቱም ሁለት ነው፤ አንደኛው ሁሉም በአንድ ጊዜ አለመሳባቸው፣ ሁለተኛው የማን ድካም እንደ ሆነ ሳይለይ ሲቀር ሰው መለገሙ ነው። ሁለተኛውን የአሜሪካ ሊቃውንት በ1974ና በ1979 ዓ.ም. መርምረው አረጋገጡ፤ በ1981 ዓ.ም. ደግሞ የእያንዳንዱ ድካም ተለይቶ ሲታወቅ ልግመቱ እንደሚጠፋ አሳዩ።

የአገሩ ገበሬ ለሁለቱም ከጥንት ጀምሮ መድኃኒት አለው። በወንፈል ቀን በቀን ይመለሳልና ዛሬ የለገመ ሰው ዋጋውን በራሱ ማሳ ያገኛል። በደቦም አጫጆች ተሰልፈው ሲዘፍኑ ዜማው እጃቸውን አንድ ያደርገዋል፤ ወደ ኋላ የቀረውም በዐይን ይታያል።

የእርከን ሥራ ግን እጅግ ብዙ ሰው የሚሰማራበት፣ የማን እጅ የትኛውን ድንጋይ እንደ ካበ የማይለይበት ስለ ሆነ ልግመት ይገባዋል። ጕዳቱም ቀላል አይደለም። ከጉና ተራራ ወደ ዓባይና ወደ በሽሎ በሚወርደው ቍልቍለት ላይ ያለ ልክ የተካበ እርከን በሐምሌ ዝናም ቢናድ፣ የተጠራቀመው ውሃ በአንድነት ወርዶ የታችኛውን ማሳ ይሸረሽረዋል፤ ተግቶ የሠራው ገበሬ የለገመውን ሰው ዕዳ ይከፍላል።

ስለዚህ ሥራ የሚያዝ ሹም የሚከተለውን ቢጠብቅ መልካም ነው።

1ኛ፤ ሕዝቡን በጅምላ ከማሰማራት ይልቅ አምስት አምስት ሰው በጓድ ከፍሎ ለየጓዱ በገመድ የተለካ ድርሻ መስጠት።

2ኛ፤ ማታ ሥራውን በሠሪዎቹ ፊት ለክቶ መልካሙን ማመስገን፣ የጐደለውን ሳይውል ሳያድር ማስጠገን።

3ኛ፤ የማሳውን ተራ በሽማግሌዎች ማስወሰን፤ የባልቴቲቱና በሬ የሌለው ሰው ማሳ ወደ መጨረሻ እንዳይጣል መጠበቅ።

4ኛ፤ ጥሪውን አጨዳና ውቂያ ካለቀ በኋላ ማድረግ።

5ኛ፤ ለሹሙና ለባለጸጋው ቤትም ድርሻ እንደ ሌላው ሰው ለክቶ መስጠት። ይህ ቢቀር የቀሩት አራቱ በሕዝቡ ዘንድ ክብደት አይኖራቸውም።