ተማሪው ለምን ይነካኛል?

አንዳንድ ታካሚዎች የፊዚዮቴራፒ ተለማማጅ ሲቀርባቸው ቅር ይላቸዋል። አልፈርድባቸውም፤ ግን ላስረዳ።

የጡንቻን ጉልበት ከ0 እስከ 5 ነጥብ እንሰጣለን። 3 ማለት ታካሚው እግሩን ያለ እገዛ፣ የመሬትን ስበት አሸንፎ እስከ መጨረሻው ማንሳት ሲችል ነው። ይህን ማንም ይሸመድደዋል። 4ን ከ5 መለየት ግን በምንጫነው ልክ ይወሰናል። የ70 ዓመት እናትን እንደ ኳስ ተጫዋች ልጫናቸው? ይህ የሚለመደው አስተማሪ አጠገብ ቆሞ፣ ብዙ ሰው ነክቶ ነው።

ስትሮክ የመታቸውን አባት ተማሪው በደከመው እጃቸው ስቦ ሊያስነሳቸው ሲል አስተማሪው ወዲያው ያስቆመዋል። ትከሻውን የሚይዙት ጡንቻዎች ስለላሉ መገጣጠሚያው ከቦታው ሊንሸራተት ይችላል። (ቤተሰብም ይህን ያደርጋል፤ እባካችሁ ተዉ!) ይልቅ እግራቸውን ወደ ኋላ ሰብስበው፣ ወደ ፊት ጎንበስ ብለው እንዲነሱ ወገባቸውን ደግፎ ማገዝ ነው።

በእኔ አስተያየት አንድ አስተማሪ ሃያ ተማሪ አስከትሎ አልጋ ለአልጋ ቢዞር ማስተማር አይባልም፤ ጉብኝት ነው።

ተማሪ እንዲያያችሁ ካልፈለጋችሁ እምቢ ማለት መብታችሁ ነው። ከፈቀዳችሁ ደግሞ ሲያማችሁ "አመመኝ" በሉት፤ ዝም አትበሉ።