ልጅን የሚያሳድገው በትር ነው? እውነት ወይስ ተረት

በዚምባብዌ በብዙ የሾና ቤተሰቦች መጽሐፍ ቅዱስና የአባቶች ሥርዓት በአንድ ጣሪያ ሥር ይኖራሉ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ቤተሰብ ልጁ ሲያስቸግረው የአባቱን እኅት ያስጠራል። መጽሐፉም ሥርዓቱም ስለ ልጅ አስተዳደግ ብዙ ይናገራሉ፤ በስማቸው የሚነገረው ሁሉ ግን የእነርሱ አይደለም። አገናዝቦ ላያቸው ሰው፣ ሁለቱም ከልጁ በፊት የሚጠይቁት አዋቂውን ነው።

የሚባለው፦ መጽሐፉም ባህሉም «ልጅህን ግረፍ» ይላሉ።

እውነቱ፦ መጽሐፈ ምሳሌ በትርን መጥቀሱ አይካድም (13፥24)። ነገር ግን የመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች አባት ልጁን ደጋግሞ እየጠራ የሚመክርባቸው ናቸው፤ የእናትም ምክር አብሮ ይነሣል። ሐዋርያው ጳውሎስም ለኤፌሶንና ለቆላስይስ ሰዎች ሲጽፍ፣ አባቶች ልጆቻቸውን እንዳያስቆጡና ልባቸው እንዳይዝል እንዲጠነቀቁ አዝዟል። በትሩን የሚጠቅስ ሰው ይህን ማስጠንቀቂያ መዝለል የለበትም። በዚምባብዌ ሕግም ዘመኑ ተለውጧል፦ እ.ኤ.አ. በ2019 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ጥፋተኛ የተባሉ ወንድ ልጆችን በፍርድ ማስገረፍ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ወሰነ፤ በ2020 የተሻሻለው የትምህርት ሕግ ደግሞ በትምህርት ቤት ተማሪ መምታትን ከለከለ።

የሚባለው፦ ልጅ ማሳደግ የእናት ሥራ ነው።

እውነቱ፦ በሾና ሥርዓት የአባት እኅት፣ ቴቴ፣ ልጃገረዷን ስለ ሰውነቷ፣ ስለ ጠባይዋና ስለ ትዳር ትመክራለች። ወንዱን ሴኩሩ፣ አያቱ ወይም የእናቱ ወንድም፣ ያቀናዋል። አያት አምቡያ ደግሞ ማታ ማታ በተረት ታስተምራለች። «በአንድ አውራ ጣት ቅማል አይገደልም» የሚሉት ለዚህ ነው፤ የእኛው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ዓይነት ምክር ነው። በመጽሐፍ ቅዱስም ጢሞቴዎስ እምነቱን ያገኘው ከእናቱ ከኤውንቄና ከአያቱ ከሎይድ ነበር። ዛሬ ብዙ ወላጆች ለእንጀራ ሲሉ ወደ ደቡብ አፍሪካና ወደ እንግሊዝ ሄደው ሸክሙ ሁሉ በአንዲት አሮጊት ትከሻ ላይ ሲወድቅ፣ «ባህላችን ነው» ማለት ባህሉን ማማት ነው። ባህሉ ሸክሙን ያከፋፍላል እንጂ ለአንድ ሰው አያሸክምም።

የሚባለው፦ ጨዋ ልጅ ዝም ይላል።

እውነቱ፦ የሾና ልጅ ለታላቁ እጁን እያጨበጨበ ሰላምታ ይሰጣል፤ የሰጡትን በሁለት እጁ ይቀበላል። ይህ አክብሮት ነው፤ አፍ ማዘጋት አይደለም። «የማያለቅስ ልጅ እንደታዘለ ይሞታል» የሚለው ምሳሌያቸው የተቸገረ እንዲናገር ያዛል። ንጋኖ በሚሉት የማታ ተረትም ልጆች ለተራኪው ምላሽ የሚሰጡ ተቀባይ ናቸው፤ ብልጧ ጥንቸል ትልቁን ዝንጀሮ ስታታልል እየሰሙ፣ እየመለሱ፣ በሰው ጠባይ ላይ መፍረድ ይለማመዳሉ። ኦሪት ዘጸአትም ልጆች የፋሲካን ሥርዓት ትርጉም እንደሚጠይቁ አስቀድሞ ተናግሮ ወላጅ እንዲመልስላቸው ያዛል (12፥26-27)።

የሚባለው፦ የሚወድ ወላጅ አይገሥጽም።

እውነቱ፦ ዱላን መተው ልጅን መተው አይደለም። ካህኑ ዔሊ የልጆቹን በደል እያወቀ ስላልከለከላቸው ተወቅሷል። ንጉሥ ዳዊትም አዶንያስን «ለምን እንዲህ አደረግህ?» ብሎ አሳዝኖት አያውቅም ነበር (1ኛ ነገሥት 1፥6)፤ ልጁ በመጨረሻ ዙፋኑን ለመንጠቅ ተነሣ። ሾናዎች ደግሞ «ፍየል የሙፌንጄን ቅጠል የምትበላው እናቷን ወርሳ ነው» ይላሉ። ተግሣጽ ልጁ በቤቱ የሚያየውን ኑሮ ካልመሰለ ሥር አይሰድም።

የሚባለው፦ መጽሐፉና ባህሉ በሁሉም ነገር አንድ ናቸው።

እውነቱ፦ አይደሉም። ቫድዚሙ ለሚባሉት የሙታን አባቶች መናፍስት የሚደረገውን ሥርዓት ብዙ ክርስቲያን ቤተሰቦች አይቀበሉትም፤ በዚህ ጉዳይ ዘመዳሞች የሚለያዩበት ቤት አለ። ልዩነቱን ለልጅ በግልጽ ማስረዳት ይገባል፤ የተደበቀበት ልጅ ሁለቱንም ይጠራጠራል።

ኦሪት ዘዳግም ወላጅ በቤቱ ሲቀመጥ፣ በመንገድ ሲሄድ፣ ሲተኛና ሲነሣ ልጁን እንዲያስተምር ያዛል (6፥7)። ይህን ትእዛዝ የሚፈጽም በትር የለም። ልጁ የሚፈልገው አጠገቡ የሚቀመጥ፣ ሲጠይቅ የሚመልስና የሚናገረውን በኑሮው የሚያሳይ አዋቂ ነው። ቴቴዋ ሩቅ ከተማ ብትሆን በስልክ ትጠራ፤ አባት ማታ አንድ ተረት ይንገር። መጽሐፉም ባህሉም ከወላጅ አስቀድመው የሚጠይቁት ጊዜውን ነው።