ስለ ማይክሮዌቭና ስለሚስማማው ዕቃ

በዛሬው ዘመን በአገር ቤትም ሆነ በባዕድ አገር በሚኖሩ ወገኖቻችን ዘንድ ማይክሮዌቭ የሚባለው ማሞቂያ ከማድቤቱ አንዱን ጥግ ይዞ ይገኛል። ማለዳ ወደ ሥራ የምትሄድ እናት የትናንቱን ሽሮ በሁለት ደቂቃ አሙቃ ለልጆቿ ታቀርባለች፤ ይህም ታላቅ ዕረፍት መሆኑ አይካድም። ነገር ግን ሽሮው በምን ዕቃ ሆኖ እንደሚገባ እምብዛም አይጠየቅም፤ ልንነጋገርበት የፈለግነውም ይኸው ነው።

ማሞቂያው እንደ ምድጃ አስቀድሞ ድስቱን፣ በድስቱም ወጡን የሚያሞቅ አይደለም። ፐርሲ ስፔንሰር የተባለው አሜሪካዊ በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1945 ዓ.ም. ለራዳር የሚያገለግለው ሞገድ ምግብን እንደሚያሞቅ ተረድቶ ሥራውን ጀመረ። ሞገዱ በአንድ ሴኮንድ 2450 ሚሊዮን ጊዜ እየተመላለሰ በምግቡ ውስጥ ያለውን ውኃ ስለሚያናውጥ ምግቡ ከራሱ ይሞቃል። እንግዲህ ተስማሚ ዕቃ የሚባለው ሞገዱን የሚያሳልፍ፣ ከምግቡ የሚመጣውንም ትኩሳት የሚችል ነው።

ብረት ግን ሞገዱን ይመልሳል፤ አንዳንድ ጊዜም የእሳት ብልጭታ ያወጣል። የእናሜል ሳህን ምንም እንኳ ላዩ ነጭ ሆኖ ቢያምር ውስጡ ብረት ነው። ለእንግዳ የምናወጣቸው የወርቅ መስመር ያለባቸው ሲኒዎችም ከዚሁ ወገን ይቈጠራሉ።

ስለ ሸክላ ብዙዎች ይሳሳታሉ። ጣባና ጀበና እሳት የለመዱ ናቸውና ይህንንም ይችላሉ ተብሎ ይታሰባል። ይሁን እንጂ ያልተለበጠ ሸክላ ሲታጠብ ውኃ ይጠጣል፤ ሞገዱም ያንን ውኃ ሲያገኘው ሸክላው ራሱ ይግላል፣ ሊሰነጠቅም ይችላል። የሚያብለጨልጭ ልባጥ ያለበት ሸክላ ደግሞ ምንጩ ካልታወቀ በልባጡ ውስጥ እርሳስ ይኖርበት ይሆናልና ለምግብ ባይውል ይሻላል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን ፕላስቲክ ነው። በቤታችን የእርጎና የአይስክሬም ዕቃ ባዶ ሲሆን አይጣልም፤ ታጥቦ ወጥ ይቀመጥበታል። ለማስቀመጥ መልካም ነው፤ ለማሞቅ ግን አልተሠራም። ውኃ በአዲስ አበባ ከፍታ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ የወጡ ዘይት ግን ከዚያ አልፎ ሊግል ይችላል። በርበሬ የበዛበት ወጥ ከሞቀ በኋላ በዕቃው ላይ የሚቀረውን፣ በሳሙናም የማይለቀውን ቀይ ቀለበት ያላየ ማን አለ? ቀለሙን የያዘው ዘይት ወደ ፕላስቲኩ ዘልቆ ገብቷል ማለት ነው፤ ከፕላስቲኩም ወደ ምግቡ የሚወጣ ነገር ይኖራል። ቢስፌኖል ኤ የተባለውን ቅመም የኤውሮፓ ኅብረት በ2011 ከሕፃናት ጡጦ ያገደው ስለዚሁ ሥጋት ነበር። በዕቃው ሥር ለማይክሮዌቭ እንደሚሆን ካልተጻፈ፣ በሦስት ማዕዘን ውስጥ ያለው ቍጥር ብቻውን ፈቃድ አይደለም። ፌስታል ፈጽሞ አይግባ፤ አምሮ ሸክላ የሚመስለው የሜላሚን ሳህንም እንዲሁ።

ስለ ጡጦ ካነሣን አይቀር፣ የሕፃን ወተት በዚህ ማሞቂያ ባይሞቅ እንመክራለን። ሙቀቱ እኩል ስለማይዳረስ ጡጦው በእጅ ሲዳሰስ ለብ ያለ መስሎ መካከሉ የሕፃኑን አፍ የሚያቃጥል ሊሆን ይችላል። ጡጦውን በሙቅ ውኃ ውስጥ ጥቂት ማቆየት ይበቃል።

ታዲያ ምን ይገዛ? ትኩሳት የሚችል መሆኑ የተጻፈበት ወፍራም የብርጭቆ ሳህን ከሁሉ ይመረጣል። ሽታና ቅባት ስለማይዝ የጾሙን ዕቃ ከፍስኩ ለይተው ለሚያኖሩ ቤቶችም የተመቸ ነው። ክዳኑ ግን ገርበብ ይበል፤ እንፋሎት መውጫ ሲያጣ ይፈነዳልና።

ጽሑፍ የሌለበትን የሸክላ ወይም የብርጭቆ ሳህን ለመፈተን፣ ብረትና የወርቅ ቅብ እንደሌለበት አስቀድሞ አይቶ፣ ባዶውን ውኃ ከሞላ ኩባያ አጠገብ አድርጎ ለአንድ ደቂቃ ማሞቅ ነው። ውኃው ሞቆ ሳህኑ ከቀዘቀዘ ይሆናል፤ ሳህኑ ግሎ ውኃው ከቀዘቀዘ ግን ያ ሳህን ለሰላጣ ማቅረቢያ ይቆይ።