ሉቺያኖ ቫሳሎ

ሉቺያኖ ቫሳሎ (ነሐሴ 9 ቀን 1927 ዓ.ም. – መስከረም 6 ቀን 2015 ዓ.ም.፤ እ.ኤ.አ. 15 ኦገስት 1935 – 16 ሴፕቴምበር 2022) የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን አማካይ ተጫዋች፣ አምበልና በኋላም አሠልጣኝ ነበር። ኢትዮጵያ በታሪኳ ብቸኛ የሆነውን የአፍሪካ ዋንጫ በ1954 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1962) ስታነሳ ዋንጫውን ከቀዳማዊ አፄ ኃይለ ሥላሴ እጅ የተቀበለው እሱ ነው። ታናሽ ወንድሙ ኢታሎ ቫሳሎም የዚያው ቡድን ተጫዋች ነበር።

ልደትና ልጅነት

ሉቺያኖ የተወለደው በአሥመራ ከተማ፣ ኤርትራ በጣሊያን ቅኝ ግዛት ሥር በነበረችበት ጊዜ ነው። አባቱ ጣሊያናዊ ወታደር፣ እናቱ ደግሞ ኤርትራዊት ነበሩ። እንዲህ ዓይነት ልጆች በዘመኑ ሕግ ላይ ችግር ነበረባቸው። የፋሺስት መንግሥት ከ1937 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተከታታይ የዘር ሕጎችን ያወጣ ሲሆን፣ በ1940 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ ጣሊያናዊ አባት ከአፍሪካዊት እናት የወለደውን ልጅ በሕግ ልጄ ብሎ እንዳይቀበል ከለከለ። ስለዚህ ብዙዎቹ ክልስ ልጆች ያለ አባት፣ በእናቶቻቸው እጅ ብቻ አደጉ። ሉቺያኖም ከነዚህ አንዱ ነበር።

ጣሊያን በ1941 እ.ኤ.አ. ተሸንፋ ኤርትራ በእንግሊዝ አስተዳደር ሥር ስትውል ሉቺያኖ ገና የአምስት ዓመት ልጅ ነበር። ሕጉ ቢቀርም ክልሶችን የመናቁ ልማድ ግን ወዲያው አልጠፋም፤ በጣሊያኖቹም ሆነ በአገሬው ሰው ዘንድ እንደ ባዕድ የሚታዩበት ጊዜ ነበር። ሉቺያኖ የመካኒክነት ሙያ ተምሮ እየሠራ፣ በትርፍ ጊዜው ኳስ ይጫወት ነበር። በዚያን ዘመን በኢትዮጵያም ሆነ በኤርትራ በኳስ ብቻ የሚተዳደር ተጫዋች እምብዛም ስላልነበር፣ አብዛኞቹ ታዋቂ ተጫዋቾች በፋብሪካ፣ በመሥሪያ ቤት ወይም በጋራዥ ተቀጥረው ይሠሩ ነበር።

የክለብ ሕይወት

ሉቺያኖ የክለብ ጨዋታን የጀመረው በአሥመራ ነው። አሥመራ በጣሊያኖች ዘመን ብዙ ክለቦች የተመሠረቱባት ከተማ ስለነበረች፣ በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን እጅግ ብዙ ተጫዋቾችን አበርክታለች። ኤርትራ በ1945 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1952) ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ከተዋሐደች በኋላ የአሥመራ ተጫዋቾች በኢትዮጵያ ውድድሮች መሳተፍና ለብሔራዊ ቡድኑ መመረጥ ጀመሩ።

በኋላ ሉቺያኖ ወደ ድሬዳዋ ተዛውሮ ለጥጥ ፋብሪካው ቡድን ተጫወተ። ይህ ክለብ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ከአገሪቱ ጠንካራ ቡድኖች አንዱ ሲሆን፣ በ1960፣ በ1962፣ በ1963 እና በ1965 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሆኗል።

የ1954 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ

የአፍሪካ ዋንጫ ሲመሠረት ከነበሩት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። ሆኖም የመጀመሪያዎቹ ሁለት ውድድሮች በግብፅ እጅ የደረሰባት ሽንፈት ከባድ ነበር። በ1957 እ.ኤ.አ. በካርቱም በተደረገው የፍጻሜ ጨዋታ 4 ለ 0፣ በ1959 እ.ኤ.አ. በካይሮ ደግሞ በድጋሚ 4 ለ 0 ተሸነፈች። ሦስተኛው ውድድር በአዲስ አበባ እንዲካሄድ በመወሰኑ፣ ኢትዮጵያ ውጤቱን የምትቀይርበት ዕድል አገኘች። አሠልጣኙ ከአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን መሥራቾች አንዱ የሆኑት አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ።

በውድድሩ የተካፈሉት አራት አገሮች፣ ማለትም ኢትዮጵያ፣ ቱኒዚያ፣ ኡጋንዳና በወቅቱ የተባበረችው አረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችው ግብፅ ናቸው። ኢትዮጵያ አዘጋጅ፣ ግብፅ ደግሞ ያለፈው ውድድር አሸናፊ ስለነበሩ ያለ ማጣሪያ ገቡ።

ጥር 6 ቀን በተደረገው የግማሽ ፍጻሜ ጨዋታ ቱኒዚያ ቀድማ ሁለት ጎል አገባች። ሉቺያኖ በፍጹም ቅጣት ምት አንዱን መለሰ፤ ኢትዮጵያም ከዚያ በኋላ ሦስት ጎሎችን ጨምራ 4 ለ 2 አሸነፈች።

የፍጻሜው ጨዋታ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም (በዛሬው አዲስ አበባ ስታዲየም) ተደረገ። የጎሎቹ ቅደም ተከተል የሚከተለው ነው፦

35ኛው ደቂቃ፦ ባዳዊ አብደል ፋታህ (ግብፅ) 0 – 1
74ኛው ደቂቃ፦ ግርማ ተክሌ (ኢትዮጵያ) 1 – 1
75ኛው ደቂቃ፦ ባዳዊ አብደል ፋታህ (ግብፅ) 1 – 2
84ኛው ደቂቃ፦ ሉቺያኖ ቫሳሎ (ኢትዮጵያ) 2 – 2
101ኛው ደቂቃ፦ ኢታሎ ቫሳሎ (ኢትዮጵያ) 3 – 2
118ኛው ደቂቃ፦ መንግሥቱ ወርቁ (ኢትዮጵያ) 4 – 2

ከዝርዝሩ እንደሚታየው ግርማ ተክሌ አቻ ባደረገ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ግብፅ እንደገና መሪ ሆነች። መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው አምበሉ ያገባው ጎል ባይኖር ኖሮ ጨዋታው ወደ ተጨማሪ ሰዓት አይሄድም፣ ዋንጫውም ለሦስተኛ ጊዜ ወደ ካይሮ ይመለስ ነበር። በተጨማሪው ሰዓት ኢትዮጵያን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ መሪነት ያመጣው ደግሞ የሉቺያኖ ወንድም ነው። ከአራቱ ጎሎች ሁለቱን የአንድ እናት ልጆች አገቡ ማለት ነው።

የዚህ ድል ዓመት ለኤርትራና ለኢትዮጵያ ግንኙነትም ወሳኝ ዓመት ነበር። ብዙዎቹ የቡድኑ ተጫዋቾች ከኤርትራ የመጡ ነበሩ፤ ከድሉ አሥር ወር በኋላ፣ በኅዳር 1955 ዓ.ም.፣ ፌዴሬሽኑ ፈርሶ ኤርትራ የኢትዮጵያ አንድ ጠቅላይ ግዛት ተደረገች። ቀደም ብሎ የተጀመረው ጦርነትም ለሦስት አሥርት ዓመታት ቀጠለ። በዚህ ምክንያት የ1954ቱ ቡድን በአሁኑ ጊዜ በሁለት አገሮች ታሪክ ውስጥ የሚነሳ ቡድን ሆኗል።

ቀጣይ ውድድሮች

ሉቺያኖ ከዋንጫው በኋላም ለብሔራዊ ቡድኑ መጫወቱን ቀጠለ። ኢትዮጵያ በ1963 እ.ኤ.አ. በጋና በተደረገው ውድድር አራተኛ ወጣች። በ1968 እ.ኤ.አ. ውድድሩ በአዲስ አበባና በአሥመራ ሲዘጋጅ፣ ኢትዮጵያ የምድብ ጨዋታዎቿን ሁሉ አሸንፋ ለግማሽ ፍጻሜ ደረሰች፤ ነገር ግን በተጨማሪ ሰዓት በኮንጎ ኪንሻሳ 3 ለ 2 ተሸንፋ በመጨረሻ አራተኛ ሆነች። ሉቺያኖ በዚያን ጊዜ ዕድሜው ከ32 ዓመት በላይ ቢሆንም ከቡድኑ ጎል አግቢዎች አንዱ ነበር።

ሉቺያኖ በአፍሪካ ዋንጫ የመጨረሻ ዙር ውድድሮች በድምሩ 8 ጎሎችን አስቆጥሯል። ከኢትዮጵያውያን በዚህ የሚበልጠው 10 ጎሎች ያሉት መንግሥቱ ወርቁ ብቻ ነው። መንግሥቱ አጥቂ፣ ሉቺያኖ ግን አማካይ መሆኑ ሲታሰብ ቁጥሩ ከፍተኛ ነው፤ የአማካይ ዋና ሥራ ኳስ መንጠቅ፣ መከላከያውን ከአጥቂው ማገናኘትና የጨዋታውን ፍጥነት መቆጣጠር ነውና።

አሠልጣኝነትና ስደት

ሉቺያኖ መጫወት ካቆመ በኋላ በጣሊያን ኮቨርቻኖ የሚገኘውን የአሠልጣኞች ትምህርት ተከታተለ። ወደ አገር ቤት ተመልሶ ቅዱስ ጊዮርጊስን፣ እንዲሁም የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድንን አሠልጥኗል።

በ1967 ዓ.ም. ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ የአገሪቱ ሁኔታ ተለወጠ። የቀይ ሽብር ግድያና እስር በበረታበት ወቅት፣ በ1978 እ.ኤ.አ.፣ ሉቺያኖ ኢትዮጵያን ጥሎ በጅቡቲ በኩል ወደ ጣሊያን ተሰደደ። የአገሪቱን ብቸኛ ዋንጫ ያነሳው አምበል ቀሪ ዕድሜውን የገፋው በሮም አቅራቢያ በምትገኘው ኦስቲያ ነው። እዚያም በመካኒክነት ሙያው ከመሥራቱ በተጨማሪ ለሕፃናትና ለወጣቶች እግር ኳስ ያስተምር ነበር።

በ2000 እ.ኤ.አ. የሕይወት ታሪኩን በጣሊያንኛ አሳተመ። የመጽሐፉ ርዕስ ወደ አማርኛ ሲመለስ «እማዬ፣ ገንዘቡ ይኸውልሽ» እንደማለት ነው። በመጽሐፉ ስለ ልጅነቱ፣ በክልስነቱ ስለደረሰበት መገለልና ስለ ኳስ ሕይወቱ ተርኳል።

ኅልፈት

ሉቺያኖ ቫሳሎ መስከረም 6 ቀን 2015 ዓ.ም. በ87 ዓመቱ በጣሊያን አረፈ። ኢትዮጵያ ከ1982 እ.ኤ.አ. ውድድር በኋላ ለ31 ዓመታት ከአፍሪካ ዋንጫ ርቃ ቆይታ በ2013 እ.ኤ.አ. ተመልሳለች፤ በጥር 2014 ዓ.ም. በካሜሩን በተደረገውም ተካፍላለች። በሁለቱም ጊዜ ከምድቧ አላለፈችም። በመሆኑም እስካሁን የአፍሪካ ዋንጫን ለኢትዮጵያ የተቀበለ አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ ብቻ ነው።