የኔስትሌ ኩባንያ አየርን የሚያበላሸውን ጢስ ለመቀነስ ስለ ጀመረው ሥራ

ምግብ የሚያዘጋጅ ፋብሪካ አየርን ያበላሻል በተባለ ጊዜ ሰው ሁሉ ዐይኑን የሚያነሣው ወደ ጢስ ማውጫው ነው። ነገር ግን ሒሳቡ በጥንቃቄ ሲመረመር፥ የሚበልጠው ጉዳት ከፋብሪካው አጥር ውጭ፥ ከገበሬው እርሻና ከከብቱ በረት የሚመጣ ሆኖ ይገኛል። ይህንንም በቍጥር ገልጠው ካሳዩት አንዱ በስዊስ አገር በቬቬ ከተማ የተቋቋመው የኔስትሌ ኩባንያ ነው።

የዚህ ኩባንያ መነሻ በ19ኛው መቶ ዓመት ሄንሪ ኔስትሌ የሚባል መድኃኒት ቀማሚ ለሕፃናት ያዘጋጀው የወተትና የዱቄት ምግብ ነበረ። ዛሬ ግን ወተት፥ ቡና፥ ካካኦና እህል ከብዙ አገር እየገዛ ለዓለም ሁሉ ይሸጣል። ኩባንያው የ2018 ዓ.ም. ሥራው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) ወደ ሰማይ የሰደደውን አየር ቢያስቈጥር፥ ልቀንሰው ብሎ ቃል የገባበት ክፍል ብቻ 92 ሚሊዮን ቶን ያህል ሆነ። ከዚህም ውስጥ የፋብሪካዎቹ 7 ሚሊዮን፥ የማሸጊያው 11 ሚሊዮን፥ የማመላለሻው 7 ሚሊዮን ተኩል ቶን ሲሆን፥ ከእርሻና ከከብት የሚመጣው 65 ሚሊዮን ከ600 ሺህ ቶን፥ ይኸውም ከመቶ 71 እጅ ነበረ። ከዚሁም እኩሌታ የሚሆነው የወተትና የከብት ድርሻ ነው።

ምክንያቱም እንደሚከተለው ነው። ላም የበላችው ሣር በሆዷ ውስጥ ሲብላላ ሚቴን የሚባል አየር ይፈጠርና በአፏ ይወጣል። ይህ አየር በመቶ ዓመት ሲታሰብ፥ ምድርን በማሞቅ ረገድ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ25 ጊዜ የበለጠ ኃይል አለው። በጕድጓድ የተጠራቀመ እርጥብ እበትም ይህንኑ አየር ይሰዳል። ከልክ በላይ የተበተነ የፋብሪካ ማዳበሪያ ሌላ የሚያሞቅ አየር ያወጣል፤ ለእርሻ ሲባል የተመነጠረ ደንም በዛፉና በአፈሩ ውስጥ የተከማቸውን ካርቦን ይለቅቃል።

ስለዚህ ኩባንያው በ2020 ዓ.ም. ባወጣው ፕላን፥ እስከ 2025 ከመቶ 20 እጁን፥ እስከ 2030 እኩሌታውን ለመቀነስ፥ በ2050 ደግሞ የሚለቀቀውና ተመልሶ የሚከማቸው እንዲተካከል ለማድረግ ቃል ገባ። ለመጀመሪያዎቹ 5 ዓመቶችም 3 ቢሊዮን ከ200 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ መደበ። ከዚህም ገንዘብ 1 ቢሊዮን ከ200 ሚሊዮኑ የአፈርን ኃይል ለሚመልስ እርሻ የተወሰነ ነው።

የሥራውም ዘዴ ለገበሬ እንግዳ አይደለም። ከብቱን በመልካም መኖና በጤና መጠበቅ፥ በዚህም በጥቂት ላሞች ብዙ ወተት ማግኘት፤ እበቱን ከድኖ መያዝና አየሩን ለማገዶ ማዋል፤ መሬቱን ራቍቱን አለመተው፤ በቡናና በካካኦ መካከል ጥላ የሚሰጥ ዛፍ መትከል ነው። የኢትዮጵያ ገበሬ ስንዴና ገብስ በዘራበት መሬት ላይ ባቄላና አተር የሚያፈራርቀውም ለዚሁ ጥቅም ነው፤ የባቄላ ወገን የሆነ እህል ናይትሮጅንን ከአየር ወስዶ ለአፈሩ ስለሚሰጥ፥ የሚገዛውን ማዳበሪያ ያሳንሳል።

ይሁን እንጂ ከባዱ ነገር ኪሣራውን የሚሸከመው ማን ነው የሚለው ነው። ገበሬ አዲስ ሥራ በጀመረበት ዓመት ምርቱ ሊያንስበት ይችላል፤ ዕዳው በእርሱ ጫንቃ ላይ ብቻ ከወደቀ ወደ ቀድሞው ሥራው ይመለሳል። ኩባንያውም ይህን አውቆ፥ ባለሙያ ለመላክ፥ በገንዘብ ለመርዳትና በዚህ ዐይነት ለተገኘ ምርት ዋጋ ለመጨመር በፕላኑ ውስጥ ጽፎአል።

በ2024 ሒሳቡም ከ2018 ይልቅ ከመቶ 20 እጅ የሚያህል እንደ ቀነሰ አስታወቀ። ነገር ግን በ2023 በዱባይ ከሌሎች የወተት ኩባንያዎች ጋር የገባበትን፥ የሚቴንን ልክ በይፋ የመግለጥ ማኅበር በ2025 ትቶ ወጣ፤ የራሱን ሥራ ግን እንደማያቋርጥ ተናገረ። ስለዚህ ተስፋውን ከማመስገን ይልቅ ሒሳቡን በየዓመቱ መመርመር ይበልጣል።

ሕዝብን የሚያስተዳድር ሹምና መሬት በእጁ ያለ ሰው ሁሉ ከዚህ ሊያስተውለው የሚገባው ነገር አለ። ጉዳቱ ከየት እንደሚመጣ ሳይቈጠር የሚሰጥ ትእዛዝ ድካም ብቻ ነው፤ ከተቈጠረ በኋላም በገበሬው እርሻ ላይ የሚፈለገው መሻሻል ከገበሬው ጋር ወጪውን በመካፈል እንጂ በትእዛዝ ብቻ አይገኝም።