«ዋሻው ውስጥ ገብታችኋል፤ ምን ታደርጋላችሁ?» በደብተርና በዳይስ ብቻ ስለሚጫወቱት ጨዋታ

«ስትሬንጀር ቲንግስ»ን ያያችሁ የመጀመሪያውን ክፍል ታስታውሳላችሁ። አራት ልጆች ምድር ቤት ውስጥ ጠረጴዛ ከበው ዳይስ እየወረወሩ ይጯጯሃሉ። ስክሪን የለም፣ ጆይስቲክ የለም። ጨዋታው «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ይባላል። እኔ በልጅነቴ እዚሁ መገናኛ አካባቢ ተጫውቼዋለሁ፤ ስሙን ያወቅኩት ግን ከዓመታት በኋላ ነው።

አጨዋወቱ ቀላል ነው። አንድ ሰው ተራኪ ይሆናል። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛሉ፤ ተዋጊ፣ ሌባ፣ አስማተኛ፣ ምናምን። ተራኪው «በሩን ከፍታችሁ ገባችሁ፣ ጨለማ ነው፣ ከጥግ የውኃ ድምፅ ይሰማል፤ ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል። መልሱ የፈለጋችሁት ነው። ሊሳካም ላይሳካም የሚችል ነገር ከሆነ ባለ 20 ጎን ዳይስ ይወረወራል። ለቀላል ነገር 10፣ ለመካከለኛ 15፣ ለከባድ 20 ማምጣት ያስፈልጋል፤ ገጸ ባሕርይው ጎበዝ በሆነበት ነገር ደግሞ ቁጥር ይጨመርለታል። በቃ። እንደ ሉዶ ቀድሞ የሚገባ አሸናፊ የለም።

ጨዋታውን የፈጠሩት ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ናቸው፤ መጀመሪያ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው፣ 1,000 ኮፒ ብቻ። ከዚያ በፊት እነሱም ጓደኞቻቸውም የሚጫወቱት የጦርነት ጨዋታ ነበር፤ አንድ ተጫዋች ሙሉ ሠራዊት ያዛል። አዲሱ ሐሳብ ሁለት ነገር ቀየረ። አንድ ተጫዋች አንድ ሰው ብቻ ሆነ፤ ጦር ሜዳው ደግሞ ከመሬት በታች ገባ።

ለምን ከመሬት በታች? እዚህ ላይ ነው ብልሃቱ። ሜዳ ላይ ተጫዋች በየትም አቅጣጫ መሄድ ይችላል፤ ተራኪው ዓለምን ሁሉ አዘጋጅቶ መጠበቅ ሊኖርበት ነው። ዋሻ ውስጥ ግን ግራ፣ ቀኝ ወይም ወደ ኋላ ነው። ምርጫው ጥቂት ስለሆነ የ12 ዓመት ልጅም በአንድ ከሰዓት ሥሎ ይጨርሰዋል። ለዚህም ነው ስኩዌር ደብተር የሚመረጠው። በድሮው ሕግ አንዷ ካሬ 10 ጫማ፣ ማለትም 3 ሜትር ገደማ ናት፤ ካሬ እየቆጠራችሁ መንገዱን ትሥላላችሁ።

እኛ ሠፈር ያመጣው የጓደኛችን የአጎት ልጅ ነው፤ በ2005 ክረምት ከአሜሪካ መጥቶ። መጽሐፉን አልያዘም፣ ትዝ ያለውን ብቻ ነገረን። ያኔ የባቡሩ ግንባታ ላይ ስለነበር መገናኛ ተቆፋፍሯል፤ ዛሬ የሄድንበት መንገድ ነገ ዝግ ነው። ዝናብ፣ ጭቃ፣ መብራት ይጠፋል። እኛም ሌላ አገር ቤተ መንግሥት ምን ያደርግልናል ብለን የመገናኛን ሥር ሣልን። መግቢያው ሾላ ገበያ፣ መውጫው ገርጂ፣ መሃል ላይ ማንም የማያውቀው ሐይቅ። ተራኪውን «ባለ ዋሻው» እንለው ነበር። ባለ 20 ጎን ዳይስ ከየት ይመጣል? 20 ቆርኪ ላይ ቁጥር ጽፈን ፌስታል ውስጥ ከተትን። (ያወጣችሁትን መመለስ አትርሱ፤ ካልተመለሰ ትልልቆቹ ቁጥሮች ያልቁና ጨዋታው ይበላሻል።)

ነገሩ ቶሎ የገባን ግማሹን ስለምናውቀው ይመስለኛል። «እንቆቅልህ» «ምን አውቅልህ» ስትጫወቱ መልሱ ከጠፋ ምን ይባላል? «ሀገር ስጠኝ!» ጎንደርን ወይ ሐረርን ትሰጡታላችሁ። እሱም እዚያ ሄዶ ምን እንደበላ፣ ምን እንደጠጣ፣ እንዴት እንደተቀበሉት እየፈጠረ ይተርክላችኋል። ያልነበረበትን ቦታ በቃል መፍጠር ማለት ይኸው ነው። ልዩነቱ አድማጩ ዝም ብሎ መስማቱ ነው። ደንጀንስ አድማጩን «አንተስ ምን ታደርጋለህ?» ይለዋል።

«የሰይጣን ጨዋታ» የሚለውን እኛም ሰምተናል፤ ደብተሩ ላይ ባለ ቀንድ ጭራቅ ስላለ። አሜሪካ ውስጥም እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ይኸው ክስ ጋዜጣና ቴሌቪዥን ሞልቶት ነበር። ማስረጃ ግን አልተገኘም።

አሁን ወደ ስልካችሁ ልምጣ። የጨዋታው ባለቤት ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት እ.ኤ.አ. በጥር 2023፣ ተጫዋቾች በፈቃድ ለውጥ ጉዳይ ካመፁበት በኋላ፣ 400 ገጽ ገደማ የሚሆነውን መሠረታዊ ሕግ በክሬቲቭ ኮመንስ ለቀቀው። ፒዲኤፉ ነጻ ነው። ከዚህ በላይ ግን፣ ምንጩን እስከጠቀሰ ድረስ ማንም ሰው ወደ አማርኛ መተርጎም፣ መቀየር፣ ሸጦ ብር ማግኘትም ይችላል። ማንንም ማስፈቀድ የለበትም። ጌም መሥራት የሚመኝ ግን ኮምፒውተር የሌለው ስንት ልጅ እንዳለ ሳስብ፣ ይህ ዜና እዚህ አለመወራቱ ይገርመኛል።

ዋሻ ደግሞ ከእንግሊዝ ማስመጣት አያስፈልግም። ባሌ ውስጥ ሶፍ ዑመር አለ፤ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ የወይብ ወንዝ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላ የሚወጣበት፣ ብዙ መግቢያ ያለው። ላሊበላ ላይ 11ዱን አብያተ ክርስቲያናት የሚያገናኙ ቦዮችና መተላለፊያዎች አሉ፤ አንዱ ድቅድቅ ጨለማ ስለሆነ ሰው ግድግዳ እየዳሰሰ ነው የሚያልፈው፣ የሲኦል ምሳሌ ነው ይባላል። ሁለቱም ቅዱስ ቦታ ስለሆኑ ጭራቅ ሙሉባቸው እያልኩ አይደለም። አሠራራቸውን ግን እዩ፦ ከአንድ በላይ መግቢያ፣ ዞሮ የሚገናኝ መንገድ፣ ብርሃን የሌለበት ክፍል። ጥሩ ካርታ የሚባለው ይኸው ነው። ቀጥ ያለ ኮሪደር ብቻ ከሣላችሁ ተጫዋቹ የሚመርጠው ነገር ያጣል።

የእኛ ልጆች አሁን ተበታትነዋል፤ ሁለቱ ውጭ አገር ናቸው። እሑድ ማታ በቴሌግራም ቮይስ ቻት እንጫወታለን፤ ዳይሱን ቦት ይወረውርልናል።

ለመጀመር ሦስት ሰው ይበቃል። የመጀመሪያውን ክፍል እኔ ልስጣችሁ፦ ማታ 3 ሰዓት፣ መገናኛ፣ መብራት ጠፍቷል። ታክሲ ስትጠብቁ ከእግራችሁ ሥር የብረት ክዳን ሲንቀሳቀስ ሰማችሁ። ከታች አንድ ሰው በስማችሁ ይጠራችኋል። ምን ታደርጋላችሁ? ኮመንት ላይ ጻፉ፣ ዳይሱን እኔ እወረውራለሁ።